የብርሃን ጀልባ ተመለሰች

ጋምቤላ ከተማ ውስጥ ኦሞድን በመልኩ የማያውቀው ሰው ሊኖር ይችላል፤ በድምፁ የማያውቀው ግን ትናንት የመጣ እንግዳ ብቻ ነው። ሳምንቱን ሙሉ አውሮፕላን ማረፊያው ሻንጣ ይጭናል፣ ያወርዳል። ሥራውን ይወደዋል። አንዱን ሻንጣ አንስቶ «ይኼ መጽሐፍ ነው»፣ ሌላውን አንስቶ «ይኼ ደግሞ የደረቀ ዓሣ ነው» ሲል ባልደረቦቹ ይስቃሉ፤ እሱ አይስቅም፤ ስለማይሳሳት። ቢያንስ እሱ እንደሚለው አይሳሳትም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን የሥራ ሰደርያውን አውልቆ፣ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ፣ ከገበያው ጀርባ ወዳለው የእሙዬ ቪዲዮ ቤት ይሄዳል። እሙዬ ከጎንደር በነርስነት ተመድባ የመጣች ናት፤ ጡረታ ስትወጣ ወደ አገሯ በመመለስ ፈንታ ቪዲዮ ቤት ከፍታ ቀረች። ኦሞድ ከቴሌቪዥኑ ጎን ካለችው ወንበር ላይ ይቀመጥና ማይክሮፎኑን ያነሳል። የውጭ ፊልም ሲታይ ተዋናዮቹ የሚሉትን እየሰማ ለአዳራሹ በአማርኛ የሚናገረው እሱ ነው። ሲያስፈልግ ንጉሥ ይሆናል፣ ሲያስፈልግ ወታደር፣ ሲያስፈልግ ሙሽራ።

አማርኛ ለኦሞድ ሁለተኛ ቋንቋው ነው፤ ለአብዛኛው የአዳራሹ ሰውም እንደዚያው ነው። አኙዋኩ፣ ኑዌሩ፣ መዠንገሩ፣ ከደጋ የመጣው አስተማሪ፣ ሁሉም አንድ ላይ የሚስቁት በዚህ ቋንቋ ነው። ኦሞድ አንዳንዴ ወንዱን «መጣች»፣ ሴቷን «ሄደ» ይላል፤ ማንም ግድ የለውም። እንግሊዝኛውን የተማረው በወጣትነቱ ፑኝዶ ስደተኞች መጠለያ ውስጥ ለእርዳታ ሠራተኞች ሲያስተረጉም ነው። በአዳራሹ ረጃጅሞቹ ከኋላ፣ አጫጭሮቹ ከፊት መቀመጥ ደንብ ነው፤ ይኼ ደግሞ ጋምቤላ ስለሆነ የኋላው ወንበር ሁልጊዜ ቀድሞ ይሞላል፣ ከፊት ለፊት ያለው ቦታ ግን እንደልብ ይገኛል።

አንድ የሚኮራበት ልማድ አለው። የሚተረጉመውን ፊልም አስቀድሞ አያይም። «ቀድሜ ካየሁት ድምፄ ያሳብቅብኛል» ይላል፤ «ሰውየው እንደሚሞት ካወቅኩ ገና ቁርሱን ሲበላ አዝንለታለሁ።» እውነቱን ነው። ሰው ፊልሙን ብቻ ሳይሆን ኦሞድ ሲደነግጥም ለማየት ነው የሚመጣው።

ከፊልሞቹ ሁሉ ደግሞ አንዱ ለብቻው ነው። የባሕር ማዶ ስሙ ረጅም ነበር፤ ኦሞድ ግን «የብርሃን ጀልባ» አለው፣ ጋምቤላም በዚሁ ስም ተቀበለው። ነገሩ በጠፈር ላይ ስለሚጓዙ ሰዎች ነው። መንኩራኩር ማለት ሲገባው ለምን ጀልባ እንደሚል ሲጠየቅ፣ መንኩራኩር ያለው መማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ነው፣ ጀልባ ግን ባሮ ላይ አለ፣ ብሎ ይመልሳል። ጀልባዋን የሚመራው ካፒቴን ሄልደን ነው፤ ከጎኑ እህቱ ማሪስ አለች። ሁለቱ ከከዋክብት ወደ ከዋክብት እየቀዘፉ፣ ምድራቸው የነደደባቸውን ሰዎች እየጫኑ ወደ ደህና ቦታ ያሻግራሉ። ወንዝ ተሻግሮ የመጣ ሰው በሞላበት ከተማ ይኼን ታሪክ ማስረዳት አያስፈልግም ነበር። ሦስት ፊልሞች ተከታትለው መጡ፤ ከሦስተኛው በኋላ ቆመ።

ማሪስን ከማንም በላይ የወደደቻት የኦሞድ ታላቅ እህት አኬሎ ናት። አባታቸው ሲሞት ኦሞድ ሰባት ዓመቱ ነበር፤ እናታቸው ታማሚ ነበረች። አኬሎ አምስተኛ ክፍል ላይ ትምህርቷን ተወች። ጠዋት ጠዋት ወንድሟን ታንኳ ላይ አስቀምጣ፣ ባሮን ቀዝፋ አሻግራ ትምህርት ቤት በር ላይ ታወርደዋለች፤ ከዚያ ማንጎ ስትሸጥ ውላ መልሳ ትወስደዋለች። ወንዙ ሲሞላም ያው ነው። ኦሞድ አንድም ቀን ቀርቶ አያውቅም፤ በዚህ ሲኮራ ሰው እሱን እንጂ ታንኳዋን አያስብም።

እንግዲህ የኦሞድ ጥፋት ከዚህ ይጀምራል። የዛሬ ሃያ ዓመት ግድም ነው። ያን ጊዜ ፊልም የሚመጣው በሁለት ሲዲ ተከፍሎ ነበር። ሦስተኛው «የብርሃን ጀልባ» የደረሰ ቀን አዳራሹ ከመሙላቱ የተነሳ ሰው በመስኮት ተንጠልጥሎ ነበር። ሲዲ አንድ አለቀ፤ ካፒቴኑ ደረቱን ተመትቶ ወድቋል፣ ጀልባዋ እየነደደች ነው፣ ማሪስ በጭሱ ውስጥ እየሮጠች ነው። እሙዬ ሲዲ ሁለትን ከወረቀቱ አውጥታ ከተተች። ብቅ ያለው የሕንድ ሠርግ ነበር። ሙሽሮቹ በአበባ መሃል ይጨፍራሉ።

ሻጩ ሲዲውን አሳስቶ ከትቷል ማለት ነው። እሙዬ ክው አለች። ሌላ ሰው ቢሆን ይቅርታ ጠይቆ ሰውን ይበትን ነበር፤ ኦሞድ ግን ቴሌቪዥኑን አጠፋና ማይክሮፎኑን ይዞ ተነሳ። «ምስሉ ተበላሽቷል» አለ፤ «ግን ችግር የለም፣ እኔ አይቼዋለሁ።» ቀድሜ አላይም የሚለው ሰው እንዴት አየኸው ብሎ የጠየቀ የለም። ሰው መጨረሻውን ፈልጓል።

እናም ግማሽ ሰዓት ሙሉ የጠፋ ቴሌቪዥን ፊት ቆሞ ተረከላቸው። ካፒቴኑ መሪውን ለእህቱ ሰጥቶ በእቅፏ ሞተ። ማሪስ አላለቀሰችም፤ እሳቱን ሰንጥቃ፣ ጀልባዋን ቀዝፋ፣ የጫነቻቸውን ሰዎች አንድም ሳይጎድልባት አሻገረች። ከዚያን ቀን ጀምሮም ካፒቴኗ እሷ ሆነች። አኬሎ በሩ አጠገብ ቆማ ነበር፤ ዓይኑን ወደ እሷ ሲጥል መጨረሻው ራሱ መጣለት። አዳራሹ ፈነዳ። ያን ዓመት በከተማው ሦስት ሕፃናት ማሪስ ተባሉ። አኬሎን ደግሞ ሰው ሁሉ «ማሪስ» ይላት ጀመር፤ ታንኳዋን ያዩ ያወጡላት ስም ነው። እሷም ደስ እያላት «አቤት» አለች። ሃያ ዓመት አለች።

ስልክ ሲበዛ የእውነተኛውን ሦስተኛ ፊልም ፍጻሜ ያዩ አንዳንድ ወጣቶች ብቅ ብለው ነበር። ግን ማን ሰማቸው? «እናንተ ያያችሁት የተቀሸበ ኮፒ ነው» ተባሉ፤ ነገሩ በዚያው ቀረ። ኦሞድም አልጠየቀም። ከማያውቀው ነገር ጋር ተስማምቶ መኖር የሚችል ሰው ነው።

ዘንድሮ ግን ዜናው መጣ። «የብርሃን ጀልባ» ከሃያ ዓመት በኋላ ተመለሰች፤ አራተኛው ፊልም ተሠርቶ በዓለም ሁሉ እየታየ ነው ተባለ። ለኦሞድ የነገረው ቶክ ነው። ቶክ የባጃጅ ሾፌር ነው፤ ፑኝዶ መጠለያ ውስጥ በእንግሊዝኛ ተምሮ ያደገ ኑዌር፣ ቋንቋውን ከኦሞድ በተሻለ የሚያውቅና ይህንንም የማይደብቅ ሰው። ኦሞድ ከሥራ ሲወጣ ጠብቆ አሳፈረውና፣ የኒም ዛፍ ጥላ ሥር ባጃጁን አቁሞ ስልኩን ዘረጋለት።

«ኦሞድ፣ እይ» አለ። «ይሄ ማን ነው?»

የፊልሙ ማስታወቂያ ነው። አንድ ጢሙ የሸበተ ሽማግሌ አሮጌ ጀልባ አጠገብ ቆሟል።

«ካፒቴን ሄልደን» አለ ኦሞድ ቀስ ብሎ።

«አንተ ቀብረኸው ነበር እኮ! እኔ ያን ቀን ከመጠለያው መጥቼ መስኮት ላይ ነበርኩ፤ አልቅሼለታለሁ። አሁን ከሞት ተነሳ?»

ኦሞድ ለወጉ ያህል ሳቀ። «ትዕግሥት ይኑርህ» አለው። ቶክ ግን ሦስተኛው ፊልም ስልኩ ላይ ነበረው፤ መጨረሻውን ከፈተለት። ኦሞድ ሃያ ዓመት የሸሸውን ግማሽ ሰዓት ያየው ባጃጅ ውስጥ ተቀምጦ፣ መዳፍ በምታክል ስክሪን ነው። ማሪስ ቁስለኛውን ወንድሟን ሰዎቹ ወደተጫኑበት ትንሽ ጀልባ አስገባችው፤ በሩን ከውጭ ዘጋችበት፤ እሷ ተመልሳ የምትነደውን ጀልባ መሪ ይዛ፣ ሌሎቹ እንዲያመልጡ እሳቱን ወደ ራሷ ስባ ሄደች። ካፒቴኑ በመስታወቱ በኩል እየጮኸ ቀረ። ኦሞድ የተረከው ገልብጦ ነው ማለት ነው።

ቶክ የኦሞድን ፊት ሲያይ መቀለዱን ተወ። «ለእማማ አኬሎ ምን ልትላት ነው?» ብሎ ጠየቀው።

ኦሞድም ያሰበው ይኼንኑ ነበር። ከተማው ይሳቅበት፤ ሻንጣ እየጫነ ስንት መንገደኛ ሰድቦታል፣ አልሞተም። አኬሎ ግን የዓይን ግፊት ይዟት ካየች ስድስት ዓመቷ ነው። ብርሃንና ጥላ ከመለየት በቀር የሚታያት የለም። አራተኛው ፊልም መጣ ሲባል ደስታዋ ልክ አጣ፤ ለአዲስ ቀሚስ ተለክታለች። ገበያ ውስጥ ላገኘችው ሁሉ «የኔ ልጅ አርጅታ ይሆናል፤ ግን መሪውን አትለቅም» ትላለች።

ፊልሙ በፍላሽ ጋምቤላ ሲደርስ ወራት አልፈው ነበር። እሙዬ ለቅዳሜ ማስታወቂያ ለጠፈች፤ ኦሞድን ግን ወደ ጓዳ ጠራችው። የሕንዱን ሠርግ ምስጢር የሚያውቁት ሁለቱ ብቻ ናቸው።

«እኔ የምልህ ኦሞድ፣ ምን አስጨነቀህ?» አለችው። «አኬሎ አታይም። ማሪስ አለች በላት፤ አንድ ሁለት ቃል ጣል እያደረግህ አሳልፈው። በዚህ ዕድሜዋ ልቧን አትስበርባት።»

«ቶክ አለ። ግማሹ አዳራሽ ዛሬ እንግሊዝኛ ይሰማል» አለ ኦሞድ።

«ቶክን እኔ ዝም አሰኘዋለሁ።»

ኦሞድ አሰበበት። ችሎታው አለው፤ ያንን እሱም እሙዬም ያውቃሉ። ግን ከአዳራሹ ሰው ሁሉ አንዷን ብቻ መርጦ ማታለል ከበደው። ያን ጊዜ የዋሸው ለሁሉም እኩል ነበር። «አይሆንም» አለ፤ «እኔው ሄጄ እነግራታለሁ።» ሲናገር ድምፁ እንደወትሮው የማይክሮፎን ድምፅ ነበር።

አኬሎ ቤቷ ባሮ ዳር ነው። ሐሙስ ከሥራ መልስ ሲደርስ ማንጎው ሥር ተቀምጣ ኦቾሎኒ ትፈለፍላለች፤ ለዚህ ዓይን አያስፈልጋትም። ኮቴውን ሰምታ «ዛሬ ከባድ ነገር አንስተሃል፣ እግርህ ይጎተታል» አለችው። የሚነጋገሩት በራሳቸው ቋንቋ፣ በአኙዋክኛ ነው። ኦሞድ መሬት ላይ ተቀመጠና ሁሉንም ነገራት፤ የሕንዱን ሠርግ፣ የጠፋውን ቴሌቪዥን፣ የቶክን ስልክ። ምንም አላስቀረም።

አኬሎ ኦቾሎኒውን አስቀመጠች።

«ሞታለች ማለት ነው» አለች።

«ሞታለች።»

«የዛሬ ሃያ ዓመት።»

«አዎ።»

«ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው በሞተች ልጅ ስም ሲጠራኝ፣ አንተ ዝም ብለህ ትሰማለህ!»

«አላውቅም ነበር አኬሎ።»

«ለማወቅ አልፈለግክም! ከልጅነትህ ጀምሮ እንዲህ ነህ። ያልተማርከውን ትምህርት ስትጠየቅ ከራስህ ፈጥረህ ትመልሳለህ፤ አስተማሪው ደግሞ ያጨበጭብልሃል።» ተቆጥታለች፤ ድምፏ ወንዙ ማዶ ይሰማል። ኦሞድ አንገቱን ደፋ። በከተማው እሱን እንዲህ የሚቆጣ ሌላ ሰው የለም፤ ደግሞ እውነቷን ነው።

ኦቾሎኒውን መልሳ አንስታ፣ «እንዴት ሞተች?» አለችው። በሩን እንዴት እንደዘጋችበት፣ እንዴት ብቻዋን ወደ እሳቱ እንደሄደች ነገራት። አኬሎ ልጅቷን በደንብ እንደሚያውቅ ሰው ራሷን ነቀነቀች።

«እሱስ? አመሰገናት?»

«ጊዜ አልነበረውም። በሩ ተዘግቷል፤ እየጮኸ ነበር።»

«አሁን ግን ሃያ ዓመት ጊዜ አግኝቷል። በአዲሱስ ይላታል?»

«አላውቅም። ገና አላየሁትም።»

«እንግዲያው ቅዳሜ እመጣለሁ» አለች አኬሎ። «እኔ የምፈልገው ይኼን ብቻ ነው። ሞቷን ችዬዋለሁ። እሱ ግን ያን ሁሉ አድርጋለት ዝም ካለ፣ ዝም ብሏል በለኝ። አንዲት ቃል እንዳትጨምር። ቶክን ከጎኔ አስቀምጥልኝ፤ ከጨመርክ ይነግረኛል።»

ኦሞድ ማለላት። ወደ ቤቱ ሲመለስ ድልድዩ ላይ ቆሞ ወንዙን አየ። አኬሎን ለዚያ ሁሉ ቀዘፋ አመስግኗት ያውቅ እንደሆነ ለማስታወስ ሞከረ። አንድም ጊዜ አላገኘም። ስኳር ገዝቶላታል፣ ጣሪያዋን ቆርቆሮ አልብሷል፣ ታማ ጅማ ድረስ ወስዷታል፤ ግን አፉን ከፍቶ ያላት ነገር የለም። በአፉ ለሚኖር ሰው ይኼ ያስገርማል። አሁን ሄዶ ቢነግራት ደግሞ «ዛሬ ስላሳፈርከኝ ነው» ትለዋለች። ብቻ ሰበብ አያጣም፤ ወደ ቤቱ ሄደ።

ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የእሙዬ ቪዲዮ ቤት እንደ ዱሮው ሰው በመስኮት ተንጠልጥሎበት ነበር። የጣሪያው ማራገቢያ የሚያንቀሳቅሰው ሙቀቱን ነው። አኬሎ በአዲሱ ቀሚሷ ከፊተኛው ረድፍ፣ ከድምፅ ማጉያው አጠገብ ተቀመጠች። ቶክ ምስሉ ላይ የሚታየውን በጆሮዋ ሹክ ሊላት ከጎኗ ነው፤ ቁመቱ ከኋላ ያሉትን ስለከለለ ወገቡን አጥፎ ቁልቁል መንሸራተት ነበረበት።

ኦሞድ ፊልሙ ከመከፈቱ በፊት ተነሳ። «አንድ ነገር ልናገር» አለ፤ ሃያ ዓመት የቆየውን ጉድ በሁለት ደቂቃ ዘረገፈው። የሕንዱ ሠርግ ላይ ሲደርስ እሙዬ በሻሽዋ ፊቷን ሸፈነች። አዳራሹ በጫጫታ ተሞላ።

«ልጄን ማሪስ ያልኳት በአንተ ውሸት ነው?» አለ ከኋላ አንድ ሰው።

«ስሟ ቆንጆ ነው፣ ይቆይላት» አለ ኦሞድ።

«እኔ እንኳን ጠርጥሬ ነበር» አለ አንድ የደጋ መምህር፤ እንዳልጠረጠረ ሁሉም ስለሚያውቅ ሳቁበት። ሳቁ ቁጣውን ይዞት ሄደ።

«ዛሬ ግን» አለ ኦሞድ፣ «ያሉትን ብቻ ነው የምናገረው። ካልተናገሩ አልናገርም። ቶክ ዳኛ ነው።»

ፊልሙ ተጀመረ። ኦሞድ እንደዚያን ቀን አድርጎ ተርጉሞ አያውቅም። ቃል በቃል፣ ረጋ ብሎ፣ በራሱ ተማምኖ ሄደ። አንዴ ብቻ አንዱን ወታደር ትንሽ አሳመረውና ቶክ «አላለም!» ብሎ ጮኸ፤ አዳራሹ አጨበጨበ፤ ኦሞድ ይቅርታ ጠይቆ አስተካከለ። ታሪኩ ሽማግሌው ካፒቴን ሌላ የሚነድ ምድር መኖሩን ሰምቶ፣ የተጣለችውን ጀልባ ሊያስነሳ ሲነሳ ነው። ሰው ሁሉ አርጅተሃል ይለዋል፤ እሱ አይሰማም። አኬሎ የእህቲቱ ስም በተነሳ ቁጥር አንገቷን ቀና ታደርጋለች። አንድ ጊዜ አንዲት ወጣት መካኒክ ካፒቴኑን «እህትህ ምን ዓይነት ሰው ነበረች?» ብላ ጠየቀችው። «ሥራ አለብን» ብሎ ዞረ ካፒቴኑ። «‹ሥራ አለብን› ብሎ ዞረ» አለ ኦሞድም። አኬሎ ከንፈሯን ነከሰች።

ወደ መጨረሻው ላይ ጀልባዋ ለመነሳት ተዘጋጀች። ካፒቴኑ ብቻውን ወደ መሪው ክፍል ገባ። ሁለት ወንበሮች አሉ፤ አንደኛው የእሱ ነው፣ ሌላኛው አቧራ የለበሰው የማሪስ ነው። ተቀመጠና ፊቱን ወደ ባዶው ወንበር አዞረ። ሙዚቃው ቆመ። ምስሉ ወደ ፊቱ ቀረበ፤ የሽማግሌው ዓይን እንባ አቀረረ። አፉ ግን አልተከፈተም። ቆየ፣ በጣም ቆየ፣ አሁንም አልተከፈተም።

አዳራሹ ውስጥ የማራገቢያው ድምፅ ብቻ ይሰማል።

«ኦሞድ» አለች አኬሎ። «ወደ እሷ ቦታ ደረሰ አይደል? ምን አላት?»

ኦሞድ ምስሉን አየው። ምንም አላላትም ማለት ነበረበት። ሁለት ቃል ናቸው፣ እውነት ናቸው፣ ምሎባቸዋል። አዲሱን ቀሚስ አየ፤ ቀና ብሎ የሚጠብቀውን ፊቷን አየ። ማይክሮፎኑን ወደ አፉ አስጠጋ።

«‹እህቴ› አላት» አለ ኦሞድ።

ካፒቴኑ አፉን ገጥሞ እንደተቀመጠ ነው።

«‹እህቴ፣ እስከዛሬ ሳልነግርሽ ቀረሁ። ሰው ሁሉ እኔን ጎበዝ ይላል። እኔ ግን እዚህ የደረስኩት ተሸክመሽኝ ነው። አንቺ ደብተርሽን ትተሽ ለእኔ ደብተር ገዛሽ። ወንዙ ሲሞላ እንኳ አንድ ቀን አላስቀረሽኝም። ስትቀዝፊ እጅሽ ይደማ ነበር፤ አይቼዋለሁ፤ ልጅ ስለነበርኩ ዝም አልኩ። ካደግኩ በኋላ ዝም ያልኩት ግን በምን ምክንያት እንደሆነ እኔም አላውቅም። አመሰግንሻለሁ።›» ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ነቀለ። «እንዲህ አላት» ብሎ ጨረሰ።

በጠፈር ላይ ወንዝ የለም። ደብተርም የለም። እዚያ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ዓይን አለው፤ የካፒቴኑ ከንፈር አንድም ጊዜ እንዳልተነቃነቀ አይቷል። እሙዬ እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። ከመስኮቱም ከኋላው ወንበርም ድምፅ አልመጣም።

አኬሎ ወደ ቶክ ዞረች። «ብሏል?» አለችው።

ቶክ ቴሌቪዥኑን አየ፣ ኦሞድን አየ።

«ብሏል እማማ» አለ። «አንዲት ቃል አልጨመረም።»

አኬሎ ፊቷን በመዳፏ ጠረገችና፣ ወደ ቴሌቪዥኑ ሳይሆን ማይክሮፎኑ ወዳለበት ዞረች።

«ሰምታሃለች በለው» አለች።